ለአናንዴሏ የአጥንት ሾርባ ቤት፣ ከእማዬና ከእኔ

ይህን የምጽፈው ቃል ስለገባሁ ነው። እማዬን ወደ አዲስ አበባ ልሸኝ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ ኤርፖርት ቆመናል። ሻንጣው ኪሎ በዝቶበት አንዱን እያወጣን ሌላውን ስንከት፣ መሀል ላይ «ያቺን ሴትዮ ግን በወጉ አመስግንልኝ፤ ዝም ብለህ በልተህ እንዳትወጣ» አለችኝ። ሴትዮዋ አናንዴል ያለች የአንዲት ትንሽ ኮሪያ ሾርባ ቤት ወጥ ሠሪ ናቸው፤ አማርኛ አያነቡም። እኔም ኮሪያኛ አልችልም። ቢሆንም እናት ካዘዘች ምን ይደረጋል፣ ይኸው።

ነገሩ የጀመረው በጥርስ ነው። እማዬ ልትጠይቀኝ የመጣችው ለገና ነበር። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ መንጋጋዋ አበጠ። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ሦስት ጥርስ በአንድ ቀን ተነቀለላት። ከዚያ በኋላ ማኘክ የለም። ወጥ ስሰጣት በርበሬው ድዷን ያቃጥላታል። አጥሚት አፍልቼ ሁለት ቀን ጠጣችልኝ። በሦስተኛው ቀን «አራስ አደረግኸኝ እኮ!» ብላ ኩባያውን ገፋችው። የቆርቆሮ ሾርባውንማ ገና ክዳኑን ስከፍተው ፊቷን አዞረች። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅቅል።

እኔ ደግሞ ሌሊት ነው የምሠራው። ጠዋት ገብቼ ቅልጥም ጥጄ ስጠብቅ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሁለቴ ድስቱ አረረ። ሁለተኛው ቀን የቀሰቀሰን የጭስ ደወሉ ነው።

አብሮኝ የሚሠራ ኮሪያዊ ልጅ አለ። ይህን ስነግረው ሳቀና «ለዚህማ እኛ ምግብ አለን» አለኝ። ሶልሎንግታንግ ይባላል። የበሬ አጥንት ሾርባ ነው። የእሱም እናት ጥርሳቸውን ሲነቀሉ የሰነበቱት በዚህ ነው።

ሰሜን ቨርጂኒያ ለምትኖሩ አናንዴልን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ከአሌክሳንድሪያ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። በሊትል ሪቨር ተርንፓይክ ስትገቡ የየሱቁ ማስታወቂያ ኮሪያኛ እየሆነ ይመጣል፤ ዳቦ ቤቱ፣ ጸጉር ቤቱ፣ ባንኩ ሳይቀር። ለዓመታት በዚያ መንገድ ስመላለስ አንድም ቀን ቆሜ አላውቅም። እውነቱን ልናገር፣ የኮሪያ ምግብ ሲባል አሳማ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሶልሎንግታንግ ግን ከላይ እስከ ታች የበሬ ነው።

መጀመሪያ የገባነው እዚህ ቤት አልነበረም። ስሙን አላነሳም፣ ሰፊና መብራቱ የሚያንጸባርቅ ቤት ነው። ሾርባው ነጭ ነው፣ ያምራል። እማዬ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና «ወተት ጨምረውበታል» አለች። እኔም ስቀምሰው ጣፈጥ፣ ጣፈጥ ይላል። ለካ አንዳንዱ ቤት አጥንቱን ሌሊቱን ሙሉ ከመቀቀል ይልቅ በዱቄት ያነጣዋል እየተባለ በራሳቸው በኮሪያውያንም ይታማል። ልጁ ይህን ሲሰማ «የት ወሰድካቸው?» ብሎ ተቆጣኝ። በማግስቱ ራሱ ይዞን ሄደ።

አሁን ወደ ቤቷ። ዘጠኝ ጠረጴዛ ብቻ ነው ያላት። መስኮቷ በእንፋሎት ታፍኖ ከውጭ ምንም አይታይም። ግድግዳው ላይ የተጻፈው ምግብ አምስት አይሞላም። ወጥ ቤት ያሉት ስድሳዎቹን ያለፉ ሴት ናቸው። ደንበኛው ሁሉ «ኢሞ» ነው የሚላቸው። የእናት እህት ማለት ነው፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። ባላቸው ሂሳብ ላይ ይቀመጣሉ፣ ልጃቸው ታስተናግዳለች። በቃ፣ ሌላ ሠራተኛ የለም።

ሾርባው በጥቁር የሸክላ ሳህን እየተንተከተከ መጣ። ነጭ ነው፣ ግን እንደ ወተት የሞተ ነጭ አይደለም። ከላዩ ስስ ሆኖ የተቆረጠ ሥጋ አለ፣ ከሥሩ ጥቂት ቀጭን ኑድል። ሩዙ ክዳን ባለው የብረት ሳህን ለብቻው ነው። እማዬ ቀመሰች። ዝም አለች። ደግማ ቀመሰች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጨው ረስተዋል፤ እንዳታሳፍራቸው፣ ዝም በል» አለችኝ።

ልጅቷ ከሩቅ እያየችን ነበር። መጣችና ምንም ሳትናገር ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዕቃ ከፈተች። ጨው። ቁንዶ በርበሬ። በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል። ጨዉን በጥቂቱ ነሰነሰች፣ የሽንኩርቱን ቅጠል በእፍኝ ጨመረች፣ አማሰለች፣ «አሁን» አለች። ለካ ሾርባው ሆን ተብሎ ያለ ጨው ነው የሚቀርበው። ጨው የበላተኛው ሥራ ነው። እማዬ ሦስተኛውን ማንኪያ ስትጎርስ ዓይኗን ጨፈነች። በዚያ ወር ያንን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ሩዙንም ገለበጠችበት፤ ማኘክ ሳያስፈልጋት ሳህኑን ባዶ አደረገችው።

ካክዱጊ የሚባል ነገርም አለ። በትንንሹ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ነጭ ራዲሽ ነው፣ በቀይ በርበሬያቸው የተብላላ። እማዬ ራዲሹን መንከስ አልቻለችም። ልጅቷ ቀዩን ውሃውን ብቻ በማንኪያ ቀድታ ሾርባዋ ላይ ጠብ አደረገችላት። ኮሪያውያኑም እንዲህ ያደርጋሉ። ነጩ ሾርባ ደማቅ ሆነ፣ ኮምጠጥ አለ። «አሁን ወጥ ሆነ» አለች እማዬ።

በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ቀን እማዬ ወጥ ቤት ካልገባሁ አለች። እኔ ሀፍረት ገደለኝ። ኢሞ ግን በደስታ መጋረጃውን ገለጡላት። እኔም ተከትዬ ገባሁ። ልጅ ቢታጠብበት የሚበቃ ድስት ተጥዷል። ኢሞ በእጃቸው፣ ልጃቸው በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ ሆነን ተቀባበልነው። አጥንቱ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ተዘፍዝፎ ደሙ ይወጣል። ከዚያ አንድ ጊዜ ይፈላና ያ ውሃ ይደፋል። እዚህ ላይ እማዬ ደነገጠች። «መረቁን? መረቁን ደፉት?» ኢሞ ሳቁ። መረቁ ገና ነው። በአዲስ ውሃ ይጣድና በኃይል እየተንተከተከ ያድራል። በኃይል የሚለውን ልብ በሉ። እኛ ቅቅል ስንሠራ እሳቱን አብርደን፣ አረፋውን እየገፈፍን ነው፤ መረቃችን ጥርት የሚለው ለዚህ ነው። እዚህ ግን ፍላቱ ስቡን ሰባብሮ ከአጥንቱና ከጅማቱ ከሚወጣው ሙጫ ጋር ያዋህደዋል። ነጭነቱ ከዚያ የመጣ ነው። ወተት የለም፣ ዱቄት የለም። ኢሞ ከፍሪጅ የትናንቱን አውጥተው አሳዩን። እንደ ጄሎ ረግቷል። እማዬ በጣቷ ነካ አድርጋ «ይሄ ነው ለጉልበት» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ተግባቡ። በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

የኑድሉን ነገር የነገሩን ባልየው ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ የኮሪያ መንግሥት ሩዝ ለመቆጠብ ሕዝቡ ስንዴ እንዲበላ ይገፋፋ ነበር። ምግብ ቤቶችም ሾርባቸው ላይ ኑድል ጨመሩ። ሩዝ ከተትረፈረፈ በኋላም ኑድሉ አልወጣም። የሾርባውን ስም ደግሞ ከድሮ ነገሥታት ጋር ያያይዙታል። ንጉሡ ሶንኖንግዳን በሚባል መሠዊያ ለእርሻ ሥርዓት ይፈጽምና ራሱ ሞፈር ይይዝ ነበር፤ ከዚያ በሬው ታርዶ ለተሰበሰበው ሁሉ ሾርባ ይሠራል። ተረት ነው የሚሉም አሉ፣ ስሙ ከሞንጎሊያ ነው የመጣው የሚሉም አሉ። እማዬ የወደደችው የንጉሡን ነው።

እኚሁ ሰውዬ አንድ ቀን ከየት እንደሆንን ጠየቁን። ኢትዮጵያ ስል ከወንበራቸው ተነሱ። «ካንግኒዩ!» አሉ። ዝም አልን። «ካንግኒዩ! ካንግኒዩ!» እኔ የሆነ ምግብ መስሎኝ ግድግዳው ላይ ልፈልግ ዞርኩ። እማዬ ናት የገባት። «ቃኘው እኮ ነው የሚሉት!»

ቃኘው ሻለቃ። በ1943 ዓ.ም. ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው። ከ3,000 በላይ ወታደሮች በየተራ ሄደው ከ120 በላይ የተሰዉበት። ሰውዬው ያደጉት ቹንቾን ከተማ ነው። እዚያ የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት አለ፤ በ1960 ዓ.ም. ሲቆም ጃንሆይ ራሳቸው ተገኝተዋል። አጠገቡ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ካፌ አለ። ሰውዬው በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ቡና የጠጡት እዚያ ነው። ይህን እየነገሩን ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ጎንበስ አሉልን።

ችግሩ ከእኛ ቤት ማንም ኮሪያ አልዘመተም። የማይገባኝን ምስጋና መቀበል ከበደኝ። ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት እማዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «የጎረቤታችን ባል ዘምቷል። ለእሱ እንቀበልለት» አለች። ተቀበልንለት። የዚያን ቀን ሂሳብም አንቀበልም አሉ። እማዬ ብሩን ሳህን ሥር ደብቃ ወጣች። ልጅቷ በበረዶ እየሮጠች መኪናችን ድረስ አመጣችው። እማዬ በመስኮት መልሳ ወረወረችው። አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። እኛም ጠፋን። 55 ቀን። ለምን እንደሆነ መንገር ነበረብን፣ አላሰብነውም። በፋሲካ ማግስት ስንገባ ኢሞ ጓንታቸውን ሳያወልቁ ከወጥ ቤት ሮጠው ወጡ። የእማዬን ጉንጭ በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ አፏ ውስጥ አዩ። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እናቴ ሞተዋል ብላ ነበር» አለችኝ። ለካ በየሳምንቱ ያን ኮሪያዊ ልጅ ቢያገኙት ሊጠይቁት ነበር፤ እሱ ደግሞ ሥራ ቀይሯል። እማዬ አዲሱን ሰው ሠራሽ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ አሳየቻቸው። ኢሞ ዝም ብለው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው ያመጡት ግን ያንን ነጭ ሾርባ አይደለም። ጋልቢታንግ ነው፣ የጎድን ሾርባ። የሚጋጥ። እማዬ አጥንቱን በእጇ አንስታ ጋጠችው።

ለምስጋናው የበቃኝ ይህ ነው። ጥቆማውን ደግሞ ላስከትል።

ቤቷ እንከን የላትም አልልም። መኪና ማቆሚያው ጠባብ ነው። ቅዳሜ ቀን በር ላይ ትቆማላችሁ። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። ማታ ቶሎ ይዘጋሉ፣ ማክሰኞ ጭራሽ አይከፍቱም። ወንበሩ ለወገብ አይሆንም። ዋጋው ግን ከ20 ዶላር ብዙም አይርቅ፤ ሩዙና ኪምቺው (በበርበሬ የተብላላው ጎመናቸው) በዚያው ነው፣ ካለቀም ይጨመራል። ኪምቺው ሳይቆረጥ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ በመቀስ ይቆረጣል፤ መቀስ ስታዩ አትደንግጡ።

ለሃይማኖቱ ለምትጠነቀቁ አንድ ነገር። ሾርባው የበሬ ብቻ ነው፣ ኪምቺው ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ በጨው የተብላላ ትንንሽ ሽሪምፕ ይገባል። የማትበሉ ካላችሁ ጠይቁ፤ ልጅቷ በግልጽ ትነግራችኋለች። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ስላልመጣችሁ አያዝኑም፣ አሁን ነገሩ ገብቷቸዋል።

ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት በምቀኝነት አይደለም። ልጽፍ ነው ብዬ ስጠይቃቸው ኢሞ ዘጠኙን ጠረጴዛ በጣታቸው እየቆጠሩ አሳዩኝ። ገባኝ። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ። በተለይ እናት ወይም አባት መጥቶባችሁ ምግብ እንቢ ካለባችሁ ሳታፍሩ ጻፉልኝ።

ስትሄዱ ደግሞ አበሻ ነን በሉ። እማዬ ከመሄዷ በፊት አንድ ማሰሮ ሚጥሚጣ ሰጥታቸዋለች። ከሂሳብ መቀበያው ጀርባ በድሮ የኪምቺ ጠርሙስ ውስጥ ነው ያለው። ሰውዬው ለራሳቸውም ትንሽ ጣል ያደርጋሉ፣ ከዚያ ያስላቸዋል። ባለፈው ሳይ ግማሽ ደርሷል። የጨረሰ ሰው ይንገረኝ፤ እማዬ በሚመጣ ሰው ሌላ ትልካለች።