ታምቡር ወይስ ዲስክ? የደሴና የኮምቦልቻ ቮልስ ላላችሁ

ቮልስ ያላችሁ ሰዎች ስታገኙኝ ጥያቄያችሁ አንድ ነው። «የፊት ፍሬኑን ወደ ዲስክ ልቀይረው ወይስ ታምቡሩን ላሠራው?» ታምቡር ማለት ሸራው ከውስጥ ሆኖ የሚጫነው ክብ ብረት ነው፤ ዲስክ ደግሞ ሸራው ከሁለት ጎን የሚጨብጠው ዝርግ ብረት። መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ታምቡሩን አሠሩት። ግን እንደ ነገሩ ሳይሆን በደንብ አሠሩት።

መጀመሪያ ብሩን እናስላ። በቅርቡ ለአንድ ቮልስ የፊት ታምቡር ሙሉ ሥራ የወጣው ይኼ ነው። አራቱን ሸራ አዲስ ማስለጠፍ 3,000 ብር። ሁለቱን ታምቡር ቶርኖ ቤት ማስላግ 1,600። ሸራውን የሚገፉት ሁለት ትናንሽ ሲሊንደሮች እያንዳንዳቸው 1,800፣ ማለትም 3,600። ሁለት የጎማ ቱቦ 1,800። የፍሬን ዘይት 900። የእጅ ዋጋ 2,500። ድምሩ 13,400 ብር ነው።

ዲስኩስ? አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የተጠየቀው 85,000 ብር ነበር፣ ያውም ኦሪጅናል ላልሆነው ለኮፒው። በዚያ ላይ ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው) 9,000፣ ዘይት 1,800፣ የእጅ ዋጋ 7,000። 102,800 ብር ይመጣል። ከሰባት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ዋጋው እንደ ዶላሩ ይወጣል ይወርዳልና ስትገዙ እንደገና ጠይቁ። ልዩነቱ ግን የሚጠብ አይመስለኝም።

ዲስክ በሥራው ይበልጣል፤ ይኼን አልክድም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህች መንገድ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ከፊታችሁ ከባድ መኪና ከገባ እግራችሁ ከፔዳሉ አይነሳም። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉም ወደ ታች ይወርዳል። ሸራው ራሱ ሲግል መያዙ ይቀንሳል። ዲስክ ግን ሲግል ከሸራው አይርቅም፣ ነፋስም በደንብ ያገኘዋል። ክረምት ላይ ደግሞ ታምቡር ውስጥ ውሃ ከገባ ፍሬን ስትይዙ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትስባለች። ዲስክ ውሃውን ቶሎ ያራግፋል። ቮልክስዋገን ራሱ በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1500 የተባለችውን ቮልስ ለአውሮፓ ገበያ በፊት ዲስክ አውጥቷታል፤ ያለ ምክንያት አላደረገውም።

እንዲህ ከሆነ ለምን ታምቡር ትላለህ? ቮልስ 800 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ቀላል መኪና ናት። በሦስተኛ ማርሽ፣ ካልያዘም በሁለተኛ ከወረዳችሁ አብዛኛውን ሥራ ሞተሩ ይሠራላችኋል። ፍሬን ጋለብኝ ብለው ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹ በአራተኛ የሚወርዱ ናቸው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ከማርሽ አውጥቶ፣ የሚወርድም አለ። ለዚያ ሰው ዲስክም መድኃኒት አይሆነውም። ሐረጎን ፎሌ አድርጋችሁ አትውረዱ፣ እባካችሁ።

ሁለተኛው ምክንያት የኮፒው ነገር ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ወዳጄ አዲሱን የዲስክ ኪት ገዛ። ሻጩ «ከነሙሉ ዕቃው ነው፣ ሌላ ምንም አይፈልግም» ብሎታል። ይፈልጋል እንጂ! የታምቡር ማስተር ሲሊንደር ፔዳሉ ሲለቀቅ መስመሩ ላይ ትንሽ ግፊት የምታስቀር ቫልቭ አለችው። ለታምቡር ጥሩ ናት፣ የሲሊንደሩ ጎሚኒዎች ላልተው አየር እንዳያስገቡ ትይዛቸዋለች፤ ሸራውን ደግሞ ሞላው ይመልሰዋል። ዲስክ ላይ ግን ሸራውን የሚመልስ ሞላ የለም። ያቺ የቀረችው ግፊት ሸራውን ዲስኩ ላይ እንደተጫነ ታቆየዋለች።

ወዳጄ በድሮው ማስተር ወደ ደሴ ሲወጣ መኪናዋ ከበደችው። ሞተሩ የደከመ መሰለው። ሐረጎ ሲደርስ የሚቃጠል ሽታ መጣ። ወርዶ ሲያይ የፊት ዲስኮቹ ሰማያዊ ሆነዋል፣ ጎማው ተነስቶም በእጅ አልዞር አለ። የተጠራው ሜካኒክ የመስመሩን ማሰሪያ ትንሽ ላላ ሲያደርገው ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ፤ ጎማው እዚያው ተለቀቀ። ስልክ ሲደወልለት ሻጩ «ሲላመድ ይለቃል» አለ። ሰው ቁልቁለት ላይ ሊሞትበት የሚችል ነገር «ሲላመድ» አይባልም።

አዲስ ማስተር ገዝቶ ያ ችግር ጠፋ። ክረምቱ ሲያልፍ ግን የአንዱ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ዕቃ) ፒስተን ዝጎ ደረቀ። የውስጥ ጎሚኒው ብቻ ቢገኝ ትንሽ ብር ነበር። ደሴ የለም፣ ኮምቦልቻ የለም። አዲስ አበባ ደግሞ ለብቻው አይሸጥም፣ ሙሉ ካሊፐር ግዛ አሉት፤ 14,000 ብር። ዕቃው እስኪመጣ ቮልሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከረመች። የታምቡር ጎሚኒ ቢሆን ኖሮ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ አንዱ ጋ አይጠፋም ነበር። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይኼ ነው፤ ታምቡር ሲበላሽ እዚሁ ይሠራል።

ሌላም አለ። የቮልስ ፍሬን አጋዥ የለውም፣ በእግራችሁ ጉልበት ብቻ ነው የሚሠራው። ታምቡር ላይ አንደኛው ሸራ ከዙሩ ጋር ራሱን ወደ ታምቡሩ ስለሚስብ ፔዳሉ ይቀላል። ዲስክ እንዲህ አያደርግም። ብዙ ሰው ያንን ሁሉ ብር ከፍሎ «ከበደኝ» የሚለው ለዚህ ነው። አጋዥ ጨምሩበት የሚሏችሁም አሉ። የቫኩም አጋዥ ደግሞ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ያለው ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። እርዳታውም በዚያው ልክ ያንሳል።

እንግዲህ ታምቡር በደንብ ማሠራት ስል ምን ማለቴ ነው? ሸራ ሲለጠፍ ቁጭ ብላችሁ እዩ። የድሮውን ሸራ አቧራ በኮምፕሬሰር አታስነፉ፣ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ በውሃ ረጥቦ ይጠረግ። ቶርኖ ቤት ሁለቱም ታምቡር እኩል ይላግ። ብዙ ጊዜ የተላገ ታምቡር ስስ ነው፣ ቶሎ ይግላል፤ እንደዚያ ከሆነ ያገለገለ ጤነኛ ታምቡር ፈልጉ። ሲሊንደር ስትገዙ ማርኩ ካርቶኑ ላይ ብቻ ሆኖ ብረቱ ላይ ምንም ካልተቀረጸ ተጠራጠሩ። ኤቲኢ በተባለው ማርክ ካርቶን ውስጥ ሌላ ዕቃ ሲወጣ አይቻለሁ። በ400 ብር የሚሸጠውን አትንኩት፣ ጎሚኒው ቶሎ ያብጣል። ዘይቱ ዶት 4 ይሁን። ሲጎድል ያገኙትን የሞተር ዘይት የሚጨምሩ አሉ፤ ጎሚኒውን በሙሉ ያበላሻል፣ ከማስተሩ ጀምሮ።

ከሁሉም በላይ ሸራውን ማስጠበቁን አትርሱ። በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ጥርስ ያላቸው ሁለት ማስተካከያዎች አሉ። ሜካኒኩ በቀዳዳው ካቻቢቴ አስገብቶ ጎማው እስኪያዝ ያጠብቃል፣ ከዚያ ጎማው በነፃ እስኪዞር ሁለት ሦስት ጥርስ ይመልሳል። አዲስ ሸራ እስኪገጥም ፔዳሉ ስለሚወርድ ከጥቂት ቀን በኋላ መድገም ያስፈልጋል። ይኼን ሳያስደርግ «ታምቡር አይረባም» የሚል ሰው ስንቱ ነው!

ዲስክ ግዙ የምላቸውም አሉ። ትልቅ ሞተር የገጠማችሁ ወይም በየቀኑ ሰው ጭናችሁ የምትመላለሱ ከሆነ ያስፈልጋችኋል። ከተበተነች 1500 ወይም ካርማን ጊያ (የቮልክስዋገን የስፖርት መልክ ያላት መኪና) ሙሉ የፊት ዲስክ ከነማስተሩ ካገኛችሁ ደግሞ ሳትከራከሩ ግዙ፣ ዕቃው የጀርመን ነው። ኮፒ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። የቮልሳችሁ ቸርኬ ባለ አምስት ቡሎን ነው ወይስ ባለ አራት? የፊት እግሯ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1965 በፊት ያለው የድሮው ዓይነት ነው ወይስ አዲሱ? የካሊፐሩ ጎሚኒና ሸራ ለብቻው ይሸጣል? ሦስተኛውን ሻጩ መመለስ ካቃተው ብራችሁን ኪሳችሁ አስገብታችሁ ወደ ቶርኖ ቤት ሂዱ።