10 በ50 ባይኖኩላር፦ ቴሌስኮፕ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ

ወንድሜን ከዱባይ ሲመጣ ቴሌስኮፕ አምጣልኝ ብዬ ስነዘንዘው ከርሜ፣ ይዞልኝ የመጣው ባይኖኩላር ነው። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ሦስት ወር ከተጠቀምኩበት በኋላ ግን ሰማይ ማየት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ከዚህ ይጀምር ባይ ነኝ።

10 ማለት አሥር ጊዜ አቅርቦ ያሳያል ነው። 50 ደግሞ የፊት ሌንሱ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ለሰማይ ዋናው ይሄኛው ቁጥር ነው። የዓይናችን ብሌን ጨለማ ውስጥ ቢበዛ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚከፈት፣ ዕቃው 50 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። ሰባቱን ከዋክብት ስታዩበት ይገባችኋል፤ በዓይን ስድስት ሰባት የነበሩት በደርዘን ይሆናሉ።

ችግርም አለው። ይከብዳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ የጁፒተርን ጨረቃዎች ለማየት ግድግዳ መደገፍ ግድ ነው። ማንገቻው ቀጭን ስለሆነ በቦርሳ ማንገቻ ቀየርኩት። የሳተርንን ቀለበት አትጠብቁ። ወደ ፀሐይ ደግሞ በፍጹም እንዳታዞሩት፣ ዓይን ያጠፋል!

አዲስ አበባ መሀል ሆናችሁ ከጨረቃ ውጪ ብዙም አታዩም። እኔ ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን አካባቢ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ምሽት 3 ሰዓት ላይ ጓሮ ሰሌን አንጥፌ በጀርባዬ ተኛሁና ወደ ሰሜን ከፍ አድርጌ ስፈልግ አንድሮሜዳ የተባለውን ጋላክሲ፣ ማለትም ግዙፍ የከዋክብት ስብስብ፣ አገኘሁት። ረዘም ያለች ጭጋግ ነገር ናት፣ ፎቶ ላይ እንደምናየው ቀለም የላትም። ግን ያ ጭጋግ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ፀሐዮች ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ብዙ ሊቃውንት የእኛ ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ ብቻውን ጠቅላላው ዩኒቨርስ ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል ካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን ላይ ሆኖ እዚያ ጭጋግ ውስጥ ብርሃኗ ከፍ ዝቅ የሚል ኮከብ አገኘ። ሌላዋ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሄንሪየታ ሌቪት የዚህ ዓይነት ኮከብ ብርሃን ከፍ ዝቅ የሚልበት ጊዜ ከትክክለኛ ድምቀቱ ጋር እንደሚያያዝ ቀድማ ደርሳበት ስለነበር፣ ርቀቱን አስልቶ ሌላ ጋላክሲ መሆኑን አሳየ። እኛ ካንዱ ጋላክሲ ባንዱ ጥግ እንደምንኖር የታወቀው ገና ያኔ ነው።

እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። ብርሃኑ እዚህ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደፈጀበት ስነግራት ዝም አለችና፣

«ታዲያ ሲነሳ እዚህ ሰው ነበር?» አለችኝ።

«እማዬ፣ አፋር ጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናቸው። የሩቅ ቅድመ አያቶቻችን ድንጋይ እየጠረቡ ነበር» አልኳት።

ጋቢዋን ተከናንባ ሰሌኑ ላይ ጋደም አለችና ባይኖኩላሩን መልሳ ተቀበለችኝ። አሁን እሷ ጋ ነው ያለው። ወንድሜን ሌላ 10 በ50 እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ።