ቤት ለቤት ስለሚሸጠው የውሃ ማጣሪያ፦ ጅማ ያላችሁ ሳትፈርሙ ይህን አንብቡ

ለጅማ ነዋሪዎች በሙሉ፣ በተለይ ቀን ቀን ቤት ለምትውሉ እናቶች፦ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ፣ ቦርሳ ያነገቡ ሁለት ወጣቶች «የቧንቧ ውሃችሁን በነፃ እንመርምርላችሁ» ብለው በራችሁን ቢያንኳኩ፣ ይህን ሳታነቡ አንድ ብር እንዳትከፍሉ። እኔ 22,000 ብር ቅድሚያ ክፍያ ሰጥቻለሁ።

የመጡት ቡና አፍልቼ ጎረቤቶቼ በተሰበሰቡበት ሰዓት ነው። ትሑቶች ናቸው። «እናታችን» እያሉ፣ ለጎረቤታችን ለሐጂ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ሲኒ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጠጡ። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ ጠየቁ። አንዱን ከቧንቧችን ቀዱ፤ ሌላውን ይዘውት ከመጡት ጠርሙስ ሞሉ። ባለ አራት ብረት እግር መሣሪያ በሁለቱም ውስጥ ነክረው ሶኬት ላይ ሰኩት። ጥቂት ቆይቶ የእኛ ውሃ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ፤ ከላዩ አረንጓዴ የሚመስል አረፋ ተንሳፈፈ፣ ከሥሩም እንደ ቡና አተላ ያለ ዝቃጭ ተኛ። የእነርሱ ውሃ እንደ ጠራ ቀረ። «የልጅ ልጆችዎ የሚጠጡት ይህንን ነው» ሲሉኝ አንጀቴ ተላወሰ። ደግሞ ማንቆርቆሪያዬን ከፍተው የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት በጥፍራቸው ፈቅፍቀው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና «ይህ ነው ኩላሊት ውስጥ ድንጋይ የሚሆነው» አሉ። በማግስቱ የማጣሪያ ማሽኑን ለመግዛት ፈረምኩ።

እውነቱን ያወቅሁት ኬሚስትሪ አስተማሪ የሆነው የእኅቴ ልጅ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ነው። ታሪኩን ሰምቶ ሲጨርስ ሁለት የብረት ምስማርና የሞተር ሳይክል ባትሪ አመጣ። ከዚያው ከገዛሁት ማሽን የወጣውን «ንጹሕ» ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ምስማሮቹን ነከረ፤ ምንም የለም። አንድ ቁንጥር የወጥ ጨው ጨመረበት። ወዲያው በምስማሮቹ ዙሪያ ውሃው ደፈረሰ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ያው ቡናማ ዝቃጭ ብርጭቆው ሥር ተኛ። ቆሻሻ የገባበት ቦታ የለም። ኤሌክትሪክ ማዕድን ባለበት ውሃ ውስጥ ሲያልፍ የብረቱን እግር ያሟሟዋል፤ ያየነው ዝቃጭ የራሱ የመሣሪያው ዝገት ነው። ማዕድኑ ተጣርቶ ያለቀ ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ ብረቱ አይሟሟም፣ ውሃውም ጠርቶ ይቀራል። ምርጥ የተባለ የምንጭ ውሃ ቢሆን እንኳ በዚያ መሣሪያ ይደፈርሳል። (በቤት ሶኬት ግን በፍጹም እንዳትሞክሩት፤ ሰው ይገድላል።)

ነጩ ቅርፊትስ? እርሱ እውነት ነው፤ ውሸቱ የተጨመረበት ማስፈራሪያ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ («ጠንካራ ውሃ» የሚባለው) ሲፈላ ኖራውን ጥሎ ይሄዳል። ድሬዳዋ አምስት ዓመት ኖሬያለሁና ጠንካራ ውሃ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሳሙና ታሻለህ ታሻለህ፣ አረፋ የለም፤ ነጭ ነጠላ ከታጠበ በኋላ አመድማ ሆኖ ይደርቃል፤ ባቄላ ሙሉ ከሰል ጨርሶ አይበስልም፤ የገላ መታጠቢያው ቀዳዳ ይደፈንና ውሃው ወደ ጎን ይረጫል፤ የውሃ ማሞቂያው ብረት ኖራ ለብሶ እስኪቃጠል ድረስ መብራት ይበላል። የድሬዳዋም የመቀሌም ከርሠ ምድር የኖራ ድንጋይ ስላለበት ነው። ይህ ሁሉ ግን የኪስና የጉልበት ጉዳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ ከጤና አንፃር ያስቀመጠው ገደብ የለም። ካልሲየምና ማግኒዚየም ሰውነታችን የሚፈልጋቸው ማዕድናት ናቸው።

የእኛ ጅማ ደግሞ ዝናብ የማይለያት፣ አለቷም በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ አገር ናት። ታዲያ የእኔ ማንቆርቆሪያ ለምን ቅርፊት ያዘ? ቧንቧው በሚጠፋባቸው ቀናት ከግቢያችን ጉድጓድ እየቀዳሁ ስለማፈላ ነው። ይህንን ያወቅሁት አምስት ብር በማያስወጣ ሙከራ ነው፤ እናንተም ዛሬውኑ አድርጉት። ሦስት አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ላይ እስከ ሲሶአቸው ውሃ አድርጉ፦ በአንዱ የቧንቧ፣ በአንዱ የጉድጓድ፣ በአንዱ የዝናብ። በእያንዳንዱ እኩል የተፈቀፈቀ የደረቅ ሳሙና ጨምራችሁ በደንብ ናጡ። (የዱቄት ሳሙና አይሆንም፤ በጠንካራም ውሃ አረፋ ይሠራል።) የእኔ የቧንቧ ውሃ እንደ ዝናቡ አረፋው አፍ ድረስ ሞላ። የጉድጓዱ ግን እንደ ወተት ነጥቶ፣ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ የመሰለ ነገር ብቻ አንሳፈፈ። የቧንቧዬን ውሃ «ለማለስለስ» ገንዘቤን የከፈልኩት እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ነው። ማንቆርቆሪያውን ደግሞ አቼቶና ውሃ እኩል አድርጌ አንድ ሰዓት ዘፈዘፍኩት፤ ቅርፊቱ ፈልቶ ተነሣ።

ማሽኑ ራሱ በሰፈራችን የውሃ ግፊት አይሠራም። ውሃውን በስስ ሽፋን ውስጥ ገፍቶ የሚያጣራ ስለሆነ በቂ ግፊት ይፈልጋል። ከተገጠመ በኋላ ነው «ፓምፕ ለብቻው ይገዛል» የተባልኩት። ፓምፑ ተገጥሞም በጄሪካን ለካሁት፦ አንድ 20 ሊትር ጄሪካን የተጣራ ውሃ እስኪሞላ ድረስ ከሦስት ጄሪካን በላይ ውሃ በቀጭኗ ቱቦ ወደ ፍሳሽ ሄደ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት! ማጣሪያዎቹም በየስድስት ወሩ መቀየር አለባቸው፤ መርካቶ ዞሬ የሚገጥም አላገኘሁም።

የሚያሳዩአችሁ እስክሪብቶ የመሰለ መለኪያም አያስደንግጣችሁ። በእኛ ቧንቧ 140 አሳየና «አያችሁ!» አሉ። ቁጥሩ የሚናገረው በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን በጥቅሉ፣ በሚሊግራም ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት አነጋገር ከ600 በታች የሆነ ውሃ ጣዕሙ ጥሩ የሚባል ነው። ተቅማጥና ታይፎይድ የሚያመጣውን ጀርም ያ መለኪያ ከነጭራሹ አያየውም። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። እናት የምትፈራው ለልጆቿ ጤና ነው፤ እነርሱ ደግሞ ያንን ፍርሃት ይዘው ለማዕድን ማሽን ይሸጡላታል። ስለ ጀርም ከሰጋችሁ ውሃውን አፍልታችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ወይም ውሃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ተጠቀሙ። ጄሪካኑን ማጠብም አትርሱ።

የተሰጠኝ ወረቀት በእጅ የተጻፈ ነው፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም፣ አድራሻውም «አዲስ አበባ» ብቻ ይላል። ስልኩ መጀመሪያ ይነሣ ነበር፤ ገንዘቤ ይመለስልኝ ካልኩ ወዲህ አይነሣም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ ትክክለኛና በቂ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል፤ ሻጭም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ስለዚህ ቀሪውን ወርኃዊ ክፍያ አቁሜ አቤቱታዬን በጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

ቤታችሁ ከመጡ ጨው አቅርቡላቸውና ከራሳቸው ጠርሙስ በቀዱት ብርጭቆ ውስጥ ቁንጥር ጨምረው መሣሪያቸውን እንዲሰኩ ጠይቁ። በኮቼ፣ በመንደራ፣ በጊንጆም ሆነ በሌላ ሰፈር ገዝታችሁ ከሆነ ውላችሁንና የከፈላችሁበትን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ፤ ማሽኑንም ሳትነቅሉ አቆዩት። የሦስት ጎረቤቶቼ ወረቀት ከእኔ ጋር አለ፤ ማመልከቻው ሰኞ ይገባል፣ ስማችሁን ማስገባት የምትፈልጉ እስከ እሑድ አሳውቁኝ።