ለጋራዥ በሬ ያስገጠምኩት የኤሌክትሪክ መቀርቀሪያ

ብዙ ሰው የጋራዥ በሩ በሞተር የሚነሳና የሚወርድ ከሆነ ተቆልፏል ብሎ ይተኛል። እኔ እንዲህ ያለ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሞተሩ በሩን የሚይዘው በአንዲት የብረት ክንድ ነው። ክንዷን ከሰንሰለቱ ወይም ከቺንጋው ጋር የምታገናኘው ማያያዣ ደግሞ መብራት ሲጠፋ በእጅ እንድትለቀቅ ተደርጋ የተሠራች ናት፤ ቀይ ገመድ የተንጠለጠለባት እሷ ናት። ገመዱን ከውስጥ ሲስቡት በሩ ከሞተሩ ይላቀቃል። ችግሩ፣ በበሩ የላይኛው ጠርዝ በኩል የልብስ መስቀያ ሽቦ አሹልኮ ከውጭ የሚስባትም ሌባ መኖሩ ነው። ገመዱን ቆርጦ መጣል ደግሞ መፍትሔ አይሆንም፤ መብራት በጠፋበት ሰዓት እሳት ቢነሳ መኪናውም ሰዉም የሚወጣው በዚያ ገመድ ነው።

የሪሞቱም ነገር ያው ነው። የቆዩት ሪሞቶች ኮዳቸው አይለወጥም፤ ውስጣቸው የተደረደሩት ጥቃቅን ማብሪያዎች 12 ቢሆኑ እንኳ ሊገኝ የሚችለው የኮድ ብዛት 4,096 ብቻ ነው። ሳሚ ካምካር የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ከልጆች መጫወቻ በሠራው መሣሪያ እንዲህ ያሉትን በሮች በ10 ሰከንድ ውስጥ መክፈት እንደሚቻል አሳይቷል። በየጊዜው ኮዱን የሚቀያይር ሪሞት ከዚህ በብዙ ይሻላል፤ የሽቦውን ሌባ ግን እሱም አያቆመውም።

ስለዚህ የፈለግሁት በሩን ከሚንሸራተትበት ሐዲድ ጋር የሚያስር እውነተኛ መቀርቀሪያ ነበር። በእጅ የሚገፋውን ተራ መወርወሪያ ያልገዛሁት ዝናብ እየወረደ ከመኪና ወርጄ ብረት ለመግፋት ትዕግሥቱ ስለሌለኝ ነው።

ገበያ ላይ ያሉት በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ሶሌኖይድ ያለው ነው፤ ጥቅል ሽቦው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ሆኖ ዘንጉን ይስባል፣ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሞላ መልሶ ይገፋዋል። ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ዘንጉን ስቦ ለማቆየት ኤሌክትሪኩ ያለማቋረጥ መፍሰስ አለበት፣ በሩ ክፍት ሆኖ በቆየ መጠን ጥቅል ሽቦው ይግላል። ሁለተኛው ዘንጉን በትንሽ ሞተርና በባለጥርስ ጎማ የሚያስገባና የሚያስወጣ ነው። ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ባለበት ይቀራል። እኔ የመረጥኩት ሁለተኛውን ነው። በ12 ቮልት ይሠራል፤ ከራሱ መቀበያ፣ ከሁለት ሪሞቶችና በበሩ ግርጌ ከሚለጠፍ የማግኔት ስዊች ጋር ይመጣል። ዘንጉ የአውራ ጣት ውፍረት አለው። ሽፋኑ ፕላስቲክ ነው፤ ይህን ያህል ጥሩ ብረት ሠርቶ ይህን ያህል መናኛ ሽፋን ማልበስ ምን ይባላል? ከካርቶኑ የወጣው የመመሪያ ወረቀትም ሥዕሉ ደብዛዛ፣ ጽሑፉ ከጉንዳን ያነሰ ነው።

የገጠመልኝ ወጣት የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጀመሪያ ያደረገው የበሩን ሞተር ከሶኬት መንቀል ነው። ከበሩ በላይ ወዳለው ጥምዝ ሞላ እጁን አላስጠጋም፤ የበሩን ክብደት የሚሸከመው እሱ ስለሆነ ያለ ሙያው የነካው ሰው እጁን ሊያጣ ይችላል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሽቦዎቹን ሲመለከት ቆየና፣

«እትዬ፣ የሞተሩን አሮጌ ሪሞት ምን ሊያደርጉት አስበዋል?» አለኝ።

«ምን አደርገዋለሁ ልጄ? መኪናው ውስጥ ይቀመጣል።»

«እሱማ ከተቀመጠ አንድ ቀን በሩ ይጎብጣል። ሞተሩ አንዱን ሪሞት፣ መቀርቀሪያው ሌላውን እየሰማ አብረው አይኖሩም።»

መቀርቀሪያው ሐዲዱ ውስጥ ገብቶ ሳለ ሞተሩ ከተነሳ በሩ ከአንድ ጎን ተይዞ ከመሃል ይጎተታል። ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት የሚቆም ቢሆንም፣ እስኪቆም ድረስ ላሜራው ሊጣመም፣ ሮለሩም ከሐዲዱ ሊወጣ ይችላል። ልጁ የሞተሩን የማስተማሪያ ቁልፍ ተጭኖ የቆዩትን ሪሞቶች በሙሉ ከማስታወሻው ሰረዘ። ከዚያ ከመቀርቀሪያው መቀበያ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አውጥቶ በሩን ከውስጥ የሚያዘው የግድግዳው መጫኛ ቁልፍ በሚታሰርበት ቦታ ሞተሩ ላይ አሰረ። የግድግዳውን መጫኛ ደግሞ ከሞተሩ ፈትቶ ወደ መቀበያው አዞረው። አሁን ሪሞቱንም ሆነ የግድግዳውን መጫኛ ስነካ ትእዛዙ የሚደርሰው መጀመሪያ ለመቀርቀሪያው ነው። ዘንጉ ከሐዲዱ ተላቆ ወደ መቀርቀሪያው ውስጥ ይገባል፤ መግባቱን የምታረጋግጥ ትንሽ ስዊች ስትዘጋ ብቻ መቀበያው ሞተሩን «ተነሣ» ይለዋል። በሩ ሲወርድም የግርጌው ማግኔት መዘጋቱን ሳይናገር ዘንጉ አይወጣም።

ለዚህ ዕቃ ገንዘቤን ያወጣሁት ለዚያች ስዊች ነው ብል አላጋንንም። ከእሷ ውጭ ያለው ሁሉ ሞተርና ብረት ነው። ስዊች የሌለበት፣ «ሦስት ሰከንድ ጠብቅና ክፈት» በሚል ቆጠራ ብቻ የሚሠራ መቀርቀሪያ ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፤ ዘንጉ ቢነክስ ቆጠራው አያውቅም።

መንከሱ ደግሞ ደረሰብን። በተገጠመ ማግሥት ዘንጉ ለመግባት እያቃሰተ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆም ጀመር፤ ሞተሩም እንደተባለው አልተነሳም። ልጁ ተመልሶ መጥቶ የዘንጉን ጫፍ ግሪስ ቀባውና አንዴ አስወጥቶ አስገባው። ሐዲዱ ላይ ከተበሳው ቀዳዳ በላይኛው ከንፈር ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው የግሪስ ምልክት ቀረ። ነገሩ ከበሩ ግርጌ ካለው ጎማ ነው፤ ሞተሩ በሩን ወደ መሬት ሲጫነው ጎማው ይታመቃል፣ መልሶም በሩን በጥቂት ሚሊሜትር ይገፋዋል፣ ግፊቱ ሁሉ ዘንጉ ላይ ያርፋል። ቀዳዳውን በሞረድ ወደ ላይ አስረዘመው፤ የሞተሩንም የመውረጃ ገደብ ትንሽ ቀነሰው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አንድ አጭር «ጠቅ» ብቻ ነው። ሻጩ ይህን በወረቀቱ ላይ በአንድ መስመር ቢጽፈው ምን ነበረበት?

አጠቃቀሙ ላይ ያለው ለውጥ ሁለት ሰከንድ ያህል መዘግየት ነው። ባለቤቴ ትዕግሥት የለውም፤ በሩ ወዲያው ካልተነሣ ደጋግሞ ይጫናል። መቀበያው ግን የጀመረውን ሳይጨርስ ሁለተኛውን ትእዛዝ አይቀበልም፤ ይህን ወድጄለታለሁ።

የስልክ መተግበሪያውን ግን አልወደድኩትም። የሚቀበለው 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ መሆኑ ምንም አይደለም፣ አብዛኛው የቤት ዕቃ እንዲሁ ነው። የሚያናድደው «ተቆልፏል» የሚለው ጽሑፍ መጨረሻ የተሰጠውን ትእዛዝ እንጂ የዘንጉን ትክክለኛ ቦታ የማያሳይ መሆኑ ነው። ዘንጉ ነክሶ በቆመበት ሰዓት ስልኩ ሁሉ ሰላም ነው ይለኝ ነበር። መቀበያው ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ግን ከስዊቿ ጋር የታሰረች ስለሆነች አትዋሽም። መተግበሪያውን ከስልኬ አጥፍቼ በመብራቷ እተዳደራለሁ።

መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ 7 አምፔር ሰዓት የሚይዝ 12 ቮልት ባትሪ አስጨምሬያለሁ፤ መቀርቀሪያው ሲንቀሳቀስ ብቻ ስለሚወስድ ለእሱ ይበቃዋል፤ የበሩን ትልቅ ሞተር ግን አያነሳም። ከውስጥ ዘንጉን በእጅ የሚመልስ ማንሸራተቻ አለው፤ መጀመሪያ እሱን ማንሸራተት፣ ቀጥሎ ቀዩን ገመድ መሳብ ነው። ቅደም ተከተሉን ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በእጁ ሊሞክረው ይገባል። ከጋራዡ በቀር ሌላ መግቢያ የሌለው ቤት ከሆነ ግን ይህን ዕቃ አልመክርም፤ ባትሪው ከሞተ ውጭ ያደረ ሰው ማንሸራተቻው ጋር አይደርስም።

ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚያስገባ ሰፊ በር ያለው ሰው አንድ መቀርቀሪያ አይበቃውም፤ ያልተያዘው ጎን በዲጅኖ ይፈለቀቃል። በግራና በቀኝ አንዳንድ ያስገጥም፤ ሲያስገጥም የሁለቱ ስዊቾች ሽቦ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ በአንድ መስመር መታሰሩን ባለሙያውን ይጠይቅ። አንዱ ዘንግ ሳይገባ ቢቀር ሞተሩ ንቅንቅ ማለት የለበትም።