ፌሮ ሲያስር ከኖረ ሠዓሊ የገዛሁት ሥዕል

ደሴ ፒያሳ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ታፔላ ያልሰቀለች አንዲት ጠባብ የሥዕል ቤት አለች። ባለቤቱ ወጣት ነው። ብሩሽ ከመያዙ በፊት አምስት ዓመት ፎቅ ላይ ፌሮ ሲያስር ነበር። እኔ ለሳሎኔ የጦሳን ተራራ እንዲሥልልኝ ነበር የሄድኩት። «ጋሽዬ፣ መጀመሪያ ይቺን ይዩልኝ» ብሎ ግድግዳው ላይ ያለችውን አሳየኝ፤ ጦሳን እዚያው ተውኩት።

ያልተጨረሰ ፎቅ ነው፣ ዙሪያውን በባህር ዛፍ መወጣጫ የታጠረ። እንጨቶቹ እንደ እውነቱ ጠማማ ናቸው፣ ኮለኖቹ ግን በቱንቢ የወረዱ ይመስላሉ። ሰው የለበትም፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ አንድ ሸሚዝ ብቻ። ከሁሉ የወደድኩት አሠራሩን ነው፦ ጣውላው ላይ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጄሶ ደራርቦ ይለስንና ሳይደርቅ መስኮቶቹን በስለት ይፈለፍላቸዋል እንጂ አይቀባቸውም። ከየት አመጣኸው ስለው «ላሊበላ» አለኝ። ልክ ነው። ግንበኛ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሠራው፣ ቤተ ጊዮርጊስ ግን ከአንድ ዓለት ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ የወጣ ነው፤ ሕንፃ ነው ወይስ ቅርፅ ብትሉኝ ሁለቱንም ነው የምለው።

ግንባታ ሠዓሊን ሲስብ አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ፈርናን ሌዤ በ1950 እ.ኤ.አ. በብረት ምሰሶዎች መሐል ያሉ ሠራተኞችን ትልቅ ሸራ ላይ ሥሏል። በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ደግሞ የሕንፃ ንድፎችን አንዱን ባንዱ ላይ እየደረበች በላዩ ቀለም ታዘንብበታለች፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ላሳየቻቸው አራት ግዙፍ ሥዕሎች ስም የሰጠቻቸው ካይሮ ታህሪር አደባባይ ባለውና ያኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በነበረው ሕንፃ ነው። የኛው ልጅ ይህን ሁሉ አይቶ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩትም። እጁ ግን ሥራውን ያውቃል።

ችግሩንም ልናገር። ሥዕሉን ፍሬም ገጥሜ በሁለት ሳምንት ብሎ በአምስተኛው ነው ያስረከበኝ፣ በደወልኩ ቁጥር «አብሽሩ» ነው መልሱ። የፍሬሙ እንጨት በደንብ ስላልደረቀ አንዱ ማዕዘን ተሰነጠቀ፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቀየረልኝ፣ ግን እኔ ነኝ ተሸክሜ የመለስኩት። ሥዕሉ ደግሞ ከባድ ነው። ሚስማር አይችለውም፣ ግድግዳ በስታችሁ በቡሎን እሰሩት። ዋጋው 6,500 ብር ነው። ለእጅ ሥራ፣ ያውም እንዲህ ላለ፣ አልበዛብኝም።

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ መጥቶ ነበር፣ ዕድሜውን ሙሉ በልስን የኖረ ሰው ነው። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልተቀመጠም። ሥዕሉን በመዳፉ ዳበሰውና «አሸዋውን ስንት በስንት ነው ያቦካው?» ብሎ ጠየቀኝ።