የግእዝና አማርኛው መጽሐፈ ቅዳሴ፦ ምን ይሰጣል፣ የቱ ላይ ያስቸግራል

መጽሐፈ ቅዳሴ ሊገዛ ንዋያተ ቅድሳት መሸጫ የገባ ምእመን በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ይቀርብለታል። አንዱ ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመበት፣ በእጅ ተይዞ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ነው። ሌላው ንባቡ ከነትርጓሜው ያለበት፣ ወፈር ያለና ቤት ተቀምጠው የሚያነቡት ነው። እዚህ የምንመዝነው የመጀመሪያውን ነው። መመዘኛችንም አንድ ነው፦ ክርስቶስ አምላክም ሰውም መሆኑን፣ እኛም ሥጋ ለብሰን ሳለን የእግዚአብሔር ልጆች መባላችንን ለሚያስቀድስ ሰው ምን ያህል ያስጨብጠዋል?

በመጀመሪያ አቀማመጡን እንይ። ከፊት ሥርዓተ ቅዳሴው አለ፤ 14ቱ ፍሬ ቅዳሴያት፣ ማለትም እንደየዕለቱ የሚቀያየሩት የቅዳሴ ጸሎቶች፣ ይከተላሉ። በመስመር መነሻ ላይ የሚታዩት «ይ.ካ»፣ «ይ.ዲ» እና «ይ.ሕ» ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበል ሕዝብ ማለት ናቸው። ጀማሪ ሰው «ይ.ሕ»ን እየተከተለ የሕዝቡን መልስ ቢሰጥ ይበቃዋል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠፋበት መጨረሻው ላይ ነው። ለምሳሌ በእመቤታችን በዓል ቅዳሴ ማርያም ሲቀደስ ገጹን ይዞ ይከተልና «ቅድሳት ለቅዱሳን» ከተባለ በኋላ ካህኑ የሚለውን ያጣዋል። ምክንያቱም በየቅዳሴው የጋራ የሆነው የመጨረሻው ጸሎት ሙሉ ቃሉ የሚገኘው ከ14ቱ አንዱ በሆነው ቅዳሴ ሐዋርያት ውስጥ ነው። መፍትሔው ሦስት ዕልባት ነው፤ አንዱን ሥርዓተ ቅዳሴው ላይ፣ አንዱን የዕለቱ ቅዳሴ ላይ፣ ሦስተኛውን ቅዳሴ ሐዋርያት መጨረሻ ላይ ማድረግ።

ሦስተኛው ዕልባት ያለበት ገጽ ብቻውን መጽሐፉን ያስገዛል። ካህኑ ሥጋ ወደሙን ከማቀበሉ በፊት «አአምን አአምን አአምን» ብሎ ይመሰክራል፦ ይህ ክርስቶስ ከእመቤታችን የነሣው ሥጋ ነው፤ ከመለኮቱ ጋር አንድ አደረገው፤ መለኮቱ ከትስብእቱ (ከሰውነቱ) አንዲት ሰዓት እንኳ፣ የዐይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልተለየም። ነገረ ተዋሕዶ፣ የመለኮትና የሥጋ አንድ የመሆን ትምህርት፣ በጉባኤ ቤት ብቻ የሚነገር ለሚመስለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ትምህርቱ ከመቍረቡ በፊት በጆሮው ይነገረዋልና።

የአማርኛው ዓምድ ድካም የሚታየውም እዚሁ ላይ ነው። «አንድ አደረገው» የሚለውን ብቻ የያዘ አንባቢ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ሊወድቅ ይችላል፤ ወይ ሥጋ በመለኮት ተውጦ የጠፋ ይመስለዋል፣ ወይ ሁለቱ ጎን ለጎን የተቀመጡ ይመስሉታል። ሊቃውንቱ ያለ ቱሳሔ (ሳይቀላቀል)፣ ያለ ውላጤ (ሳይለወጥ)፣ ያለ ፍልጠት (ሳይለያይ)፣ ያለ ኅድረት (እንዲሁ በማደር ሳይሆን)፣ በተዐቅቦ (የየራሱ ተጠብቆ) የሚሉት ለዚህ ነው። የሥጋ ገንዘብ ለቃል (ለወልድ)፣ የቃል ገንዘብ ለሥጋ ሆነ፤ ሥጋም ሥጋነቱን አልለቀቀም። ጥንድ ዓምዱ ይህን ለማብራራት ቦታ የለውም፤ ለዚህ ንባቡ ከነትርጓሜው ያስፈልጋል። ያም ባይገኝ የንስሐ አባትን መጠየቅ ነው።

ስሕተቱ ወደ ኑሮ ሲወርድም ይታያል። ሥጋውን እንደ ጠላት ቆጥሮ ከዐቅሙ በላይ ጾሞ የሚወድቅ አለ፤ እሑድ ጠዋት መንፈሳዊ፣ ሰኞ ገበያ ላይ ሌላ ሰው የሚሆንም አለ። የክርስቶስ ተዋሕዶ የባሕርይ ነው፤ እኛ የመለኮት ባሕርይ ተካፋዮች የምንባለው (2ኛ ጴጥ. 1፥4) በጸጋ ነው። ይህ ልዩነት ሳይታወቅ «ልጆች ነን» ማለት ወደ ትዕቢት ይወስዳል።

መጽሐፉን በቅዳሴ ሰዓት ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ መሞከር አንመክርም። ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ»፣ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»፣ «አትሕቱ ርእሰክሙ» ሲል የሚያዘው ሥጋን ነው፤ ተነሡ፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ፣ ራሳችሁን ዝቅ አድርጉ። አንገቱን ደፍቶ መስመር የሚፈልግ ሰው እነዚህ ሁሉ ያመልጡታል። የሚሻለው በዋዜማው ማታ የሚቀደሰውን ቅዳሴ ጠይቆ አማርኛውን መጨረስ፣ ከዚያ የ«ይ.ሕ»ን ግእዝ ድምፅ አውጥቶ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ነው። ጠዋት መጽሐፉ የሚከፈተው ሲጠፋበት ብቻ ይሁን። ለመቍረብ የሚዘጋጅ ከምግብ የሚከለከልበት 18 ሰዓትም ከዚያው ዝግጅት ጋር አብሮ ይሄዳል።

ለዋዜማ ንባብ ቅዳሴ ማርያምን ያህል የሚያረካ የለም። ደራሲው አባ ሕርያቆስ ድንግልን ይጠይቃታል፦ ሰባቱ የእሳት መጋረጃዎች ከጎንሽ በየት በኩል ተጋረዱ፣ በቀኝ ነው ወይስ በግራ፣ አንቺ ታናሽ ሥጋ ስትሆኚ? እሳቱ አልጠፋም፣ ሥጋዋም አልተቃጠለም። እዚህ ላይ አማርኛው ግእዙን በደንብ ይከተለዋል፤ ቀስ ብሎ ማንበብ ነው።

ሲገዙ ጀርባውን ይመልከቱ። በሙጫ ብቻ የተጣበቀው በተደጋጋሚ በሚገለጥበት ቦታ ቶሎ ይለቃል፤ በክር የተሰፋውን ይምረጡ። የኪስ መጠኑ ለመያዝ ይቀላል፤ ሆኖም ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ በሌሊት ቅዳሴ በጧፍ ብርሃን ዐይን ለደከመበት አይሆንም። ስልክ ላይ የሚጫነው ገጽ ለመፈለግ ፈጣን ነው፤ ጥሪና መልእክት ግን ልብን ይሰርቃል። በውጭ አገር ጽሑፉን በስክሪን የሚያሳዩ አጥቢያዎች ውስጥ ላለ ምእመን መጽሐፉ ቤት ቢቀመጥ ይሻላል፤ ገንዘቡንም ንባቡ ከነትርጓሜው ላይ ያውለው።