ዋስትናው ወረቀት ላይ የቀረ የኤሌክትሪክ ምጣድ

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ፣ ዘመን መለወጫ ሲቃረብ፣ በአዳማ መሀል ከተማ ከሚገኙት የቤት ዕቃ መደብሮች ከአንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድና ብሌንደር ገዝተን ነበር። ሁለቱም የአንድ ዓመት ዋስትና እንዳላቸው ተነግሮን፣ ማኅተም ያረፈበት የዋስትና ካርድም ከደረሰኙ ጋር ተሰጥቶናል። የዕቃዎቹ ጉድለት አንድ ነገር ሆኖ፣ እኔን አጥብቆ ያሳዘነኝ ግን መደብሩ ቅሬታችንን ያስተናገደበት መንገድ ነው። ዕቃ ሊበላሽ ይችላል፤ ዋስትና የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። ከሌላ ሱቅ በርከስ ያለ ምጣድ እያለ እዚህ የገዛነው ካርዱን አምነን ስለሆነ፣ ዋስትናው ሻጩ ደስ ሲለው የሚውልልን ውለታ ሳይሆን ገንዘብ የከፈልንበት የዕቃው አካል ነው።

ከምጣዱ ልጀምር፤ በቤታችን ዋናው እሱ ነውና። የኤሌክትሪክ ምጣድ አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ስልሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ካለው ሸክላ ሥር ቦይ ይወጣል፤ በቦዩ ውስጥ የሚግለው ጥቅል ሽቦ ይዘረጋና በጀሶ ይደፈናል፤ ከዚያም ሁሉም በቆርቆሮ አካል ውስጥ ይገባል። ሞተር የለውም፤ የሚሽከረከር ነገርም የለውም። ስለዚህ ሸክላው በደንብ የተተኮሰ፣ ሽቦው በእኩል ርቀት የተዘረጋ፣ መስመሩም የሚጠቀመውን ሰው ከአደጋ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ምጣዱ ለዓመታት ያለ ችግር ማገልገል ይችላል።

የእኛ ምጣድ ሸክላው ጥሩ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። እናቴ በጎመን ዘር ካሟሸችው ጊዜ ጀምሮ እንጀራው ሳይያዝ ይወጣል። ችግሩ ያለው ሙቀቱ ላይ ነው። ከመጀመሪያው የጋገራ ቀን አንሥቶ በግራ በኩል ያለው የእንጀራው ክፍል ዓይን ሳያወጣ ሊጥ እንደሆነ ሲቀር፣ የቀኙ ጠርዝ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቅ ነበር። እናቴ በግራ በኩል ሊጡን አሳስታ በማፍሰስ፣ አክንባሎውን ቆየት አድርጋ በማንሣት፣ ምጣዱንም ለረጅም ጊዜ ቀድማ በማጋል ልታስተካክለው ሞከረች፤ ግራው ሲበስል ቀኙ ያራል፣ ቀኙ ሲተርፍ ግራው ጥሬ ይሆናል። የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳዋል፤ እዚህ የቦካ ሊጥ ቶሎ ስለሚኮመጥጥ ምጣዱ እስኪስተካከል ድረስ አይጠብቅም፤ ጋገራው በተሰናከለ ቁጥር ጤፉም ድካሙም አብሮ ይጠፋል።

ቅሬታችንን ይዘን ወደ መደብሩ የሄድነው በዚያው በገዛንበት ሳምንት ነው። ምጣዱን ሊያይ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ሻጩ ከቆመበት ሳይነቃነቅ «ማዘር፣ ይሄ የዕቃው ችግር አይደለም፣ የመብራት መዋዠቅ ነው፤ ስታቢላይዘር ይግዙለት» አላት። ስታቢላይዘሩንም የሚሸጠው ያው መደብር ነው።

በዚህ መልስ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በከተማችን ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲበላሽ የሚሰጠው ምክንያት ይኸው ሆኗል። መብራት እንደሚዋዥቅ አልክድም። የነፋስ ኃይል ማመንጫው ተርባይኖች ከቤታችን ደጃፍ ሆነን እየታዩን እንኳ፣ ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ አምፖላችን ይፈዛል። ነገር ግን ምጣድ የሚሠራው ሽቦ በማጋል ብቻ ስለሆነ፣ ኃይሉ ሲቀንስ ምን እንደሚሆን ማስላት ይቻላል። 220 ቮልት መሆን የሚገባው ወደ 180 ቢወርድ፣ የምጣዱ ሙቀት ሊያገኝ ከሚገባው ወደ ሁለት ሦስተኛው ዝቅ ይላል። የሚቀንሰው ግን በመላው ምጣድ ላይ ነው። በአንድ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የመብራት መዳከም ግራውን ጥሬ አስቀርቶ ቀኙን ሊያሳርር አይችልም። እንዲህ ዓይነት ልዩነት የሚመጣው ከሽቦው አዘረጋግ ነው፤ ያ ደግሞ የአምራቹ ሥራ ነው። ይህን ለሻጩ በትሕትና ባስረዳው፣ ደረሰኙን ገልብጦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ አሳየኝ።

የዋስትና ካርዱን ሳቀርብ ደግሞ ጥገና የሚሰጠው አዲስ አበባ በሚገኘው ማእከል ብቻ እንደሆነ፣ ምጣዱንም በራሳችን ወጪ ማድረስ እንዳለብን ተነገረኝ። ስንገዛ ይህ አልተነገረንም፤ ካርዱም ላይ አልተጻፈም። አዲስ አበባ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የፍጥነት መንገዱ ጉዞውን ቢያቀልለውም፣ ሰፊ ሸክላ በሚኒባስ ጣራ ላይ ተጭኖ ሳይሰነጠቅ ደርሶ ይመለሳል ብሎ የሚያስብ ሰው ምጣድ ተሸክሞ አያውቅም። ቢሰነጠቅስ ኃላፊነቱ የማን ነው ብዬ ብጠይቅ «የማጓጓዣ ጉዳት በዋስትና አይሸፈንም» ተባልኩ። እንዲህ ያለውን ዋስትና በአዳማ የሚኖር ሰው በምንም መንገድ ሊጠቀምበት አይችልም።

ከዚያ በኋላ የባሰው መጣ። እናቴ ቆርቆሮውን በእርጥብ እጅ ስትነካው ይነዝራት ጀመር። ይህ ከእንጀራ መበላሸት ጋር የሚወዳደር ጉዳይ አይደለም። ጀሶ እርጥበት ይስባል፤ ከጠርዝ የሚወርደው ሊጥና እንፋሎት ወደ ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሪኩ ወደ ቆርቆሮው ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ነው የብረት አካል ያለው ምጣድ ሦስተኛ ሽቦ፣ ማለትም የመሬት መስመር፣ ሊኖረው የሚገባው። የእኛ ገመድ ሁለት ሽቦ ብቻ ነበረው። ስልክ ደውዬ ጉዳዩ የሕይወት መሆኑን ስናገር «ጫማ አድርገው ይጋግሩ» የሚል መልስ ነው ያገኘሁት። በዚያ መደብር ከተነገረኝ ሁሉ እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ይህ ነው፤ እናቱ በዚያ ምጣድ ላይ ብትጋግር ማንም እንዲህ ብሎ አይመልስም ነበር።

በመጨረሻ የሰፈራችን የምጣድ ጠጋኝ ከፈተው። በግራ በኩል የሽቦው መስመሮች እጅግ ተራርቀው፣ በቀኝ በኩል ተጠጋግተው ነበር። ጠጋኙ ቦዩን አስተካክሎ ሽቦውን እንደገና ዘረጋው፣ አዲስ ጀሶ አድርጎ በደንብ እስኪደርቅ ካቆየው በኋላ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ አስገባለት፤ ከቤቱ የመሬት መስመር ጋርም አገናኘው። ከዚያ ወዲህ እንጀራው ዳር እስከ ዳር ዓይን ያወጣል፣ ቆርቆሮውም አይነዝርም። መደብሩ ከፈለገ ይህን ሁሉ እዚሁ አዳማ ውስጥ ማሠራት ይችል እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው።

ስለ ብሌንደሩ የምለው አጭር ነው። «ሁሉን ይፈጫል» ተብሎ ተሸጠልን፤ ሞተሩን ከምላጩ ጋር የሚያያይዘው ጥርስ ግን ፕላስቲክ ስለሆነ፣ የአቮካዶ ጭማቂ እየፈጨን ሳለን ተበልቶ ያለቀው ብዙም ሳይቆይ ነው። አሁን ሞተሩ ይጮኻል፣ ምላጩ አይዞርም። መለዋወጫው በመደብሩ የለም፤ መቼ እንደሚመጣም የሚያውቅ የለም።

በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እኛ የሄድነው በዚያው ሳምንት ስለነበር በጊዜው ጠይቀናል። በደረሰኝ ጀርባ የታተመ አንድ መስመር ከአዋጅ በላይ ሆኖ ሲቀርብ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል፤ ስለዚህ ደረሰኛችሁን አትጣሉ፣ ቅሬታችሁንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አስገቡና ኮፒው ላይ አስፈርሙ።

ምጣድ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መደብሩ ውስጥ ተሰክቶ እንዲግል ጠይቁና ውኃ ነስንሱበት፤ ውኃው በሁሉም ቦታ በእኩል ፍጥነት መትነን አለበት። ገመዱ ሦስት ሽቦ እንዳለው አረጋግጡ። ምጣድ እስከ 16 አምፔር የሚደርስ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ ሻጩ ስለ ቤታችሁ መስመር ካልጠየቃችሁ እናንተ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠይቃችሁ ለብቻው በወፍራም ሽቦና በራሱ ብሬከር አሠሩለት። ዋስትናው የሚፈጸመው በየትኛው ከተማ እንደሆነም ካርዱ ላይ ይጻፍላችሁ።

እኔ በበኩሌ ከዚህ መደብር ሌላ ዕቃ አልገዛም፤ ለማንም አልመክርም። የጠጋኙ ወጪ እንዲተካልንና ብሌንደሩ እንዲለወጥልን የጠየቅንበት ደብዳቤ ለሥራ አስኪያጁ ገብቷል፤ እስካሁን መልስ አልተሰጠንም። መልስ ከሰጡን፣ የሚሰጡንም ምንም ይሁን ምን፣ በዚሁ አስተያየት ሥር እጨምረዋለሁ።